«ኩላሊቱ ነው» ብለን የዘጋነው ቻርት

ይህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጅማ ላይ በኩላሊት ሕክምና ዙሪያ ለሚሠሩ ነርሶች፣ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ስለ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት ያደረግኩት ንግግር ነው። ሺፍት ላይ ሆነው የቀሩ ሰዎች «ምን አልክ? ምን አልክ?» እያሉ ስላስቸገሩኝ ጻፍኩት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ስላይድ የለውም። ተመስገን ነው፣ ስላይዶቹ 64 ነበሩ።

አካም ቡልታን፣ እንደምን አደራችሁ።

ይህን ዝናብ ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቡናው ከኋላ ነው። መሀል ላይ ተነስታችሁ ብትቀዱ አልቀየምም፤ ጅማ ላይ ቆሜ ሰው ቡና ልከልክል እንዴ?

ከአንድ አባት ልጀምር። ከአጋሮ በኩል የሚመጡ የቡና ገበሬ ነበሩ። ስኳር አለባቸው፣ ግፊት አለባቸው፣ ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል፣ እጥበት ግን አልጀመሩም። ያኔ እኔ ሌላ ቦታ ነበር የምሠራው። አንድ ማታ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፣ ይቀባዥራሉ፣ ልጁን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩታል። ቻርታቸው ተገለጠ፣ ክሪያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ) ታየ፣ ከፍ ብሏል። በቃ። «ዩሪሚያ ነው፣ ኩላሊቱ ነው» ተባለና (ኩላሊት ያላወጣው ቆሻሻ ደሙን መርዞታል ማለት ነው) ስለ እጥበት ወሬ ተጀመረ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ስልክ እየደወለ ገንዘብ ማፈላለግ ጀመረ። አንዲት ነርስ ናት «እስቲ ስኳራቸውን ልየው» ብላ ጣታቸውን የወጋችው። ከ40 በታች።

ግሉኮስ ተሰጣቸው፣ ነቁ፣ ውሃ ጠየቁ። ሁላችንም ደስ አለን። ከጥቂት ሰዓት በኋላ እንደገና ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ሲወጣ አደረ።

የሚወስዱት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ነበር። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጉበት ይሰባብረዋል፣ ስብርባሪው ግን ራሱ ስኳር ያወርዳል፣ የሚወጣው ደግሞ በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም መውጫ ያጣና ደም ውስጥ ይከማቻል። የአንድ ቀን ኪኒን የሦስት ቀን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ጠዋት ራውንድ ላይ መድኃኒቱ ተቋረጠ። ቻርቱ ላይ «ሃይፖግላይሴሚያ (የስኳር መውረድ)፣ ተሻሽሏል» ተጻፈ። አባታችን ሲወጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ካሌ ነው፣ ካሌ ነው ስትሉኝ ለካ ኪኒኗ ኖራለች?» ካሌ በኦሮምኛ ኩላሊት ነው፣ ለማያውቅ። ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ።

ሪፖርት ያደረገ ሰው ማን ነበር? ማንም። የክፍሉ ፋርማሲስት እኔ ነበርኩ፤ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት የሚደረግበት ቢጫው ቅጽ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ እስክሪብቶም ነበረኝ። «የታወቀ ነገር ነው፣ ምን ይጻፋል» ብዬ ተውኩት። ስለዚህ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ላስተምራችሁ ብቻ አይደለም፣ ግማሹ ንስሐ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር። የጎንዮሽ ጉዳትን አለመመዝገብ የሁሉም የሕክምና ክፍል ችግር ነው። እኛ ቤት ግን ለየት ያለ መልክ አለው። ሌላ ቦታ ሰው ሪአክሽን ሲያጋጥመው ቢያንስ «ምን ነካው?» ይባላል። እኛ ጋ ያ ጥያቄ አይነሳም፣ መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ። ኩላሊቱ ነው።

እስቲ እጥበት ላይ ያለ ሰው ምን ምን እንደሚል አስቡት። ያቅለሸልሸኛል፣ ያሳክከኛል፣ ደክሞኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ራሴን ይወጋኛል፣ እግሬን ይሸመቅቀኛል። አሁን ደግሞ የፈለጋችሁትን መድኃኒት ሳጥን ክፈቱና ውስጧ የታጠፈችውን ወረቀት አንብቡ። ያው ነው! አንዱ ካንዱ አይለይም። መድኃኒቱ ጥፋት ሠርቶ በኩላሊት ስም ይመዘገብለታል።

ኤናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው ደረቅ ሳል ይዞት ይመጣል። እኛ ምን እንላለን? ፈሳሽ ሳንባው ጋ ደርሷል። ወይም አክታ ይመርመር፣ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ሦስት ሳምንት ሲመላለስ ይከርምና መጨረሻ ላይ አንድ ሰው «ኤናላፕሪሉን ብናቆመውስ?» ይላል። ሌላውን የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒንን፣ የሚወስድ ሰው እግሩ ያብጣል፤ ፈሳሽ ነው ብለን የሚያሸናውን ፉሮሴማይድ እንጨምራለን። አንድ መድኃኒት ያመጣውን በሌላ መድኃኒት እናባርራለን፣ ሁለተኛውም የራሱን ይዞ ይመጣል። ሴፌፒም የሚባለው አንቲባዮቲክ በኩላሊቱ ልክ ሳይቀነስለት የተሰጠ ሰው ይቀባዥራል፣ እጁ ይንዘፈዘፋል፤ «ዩሪሚያ ነው፣ እጥበት ይጨመርለት»። የሚገርመው እጥበቱ ሴፌፒሙን አጥቦ ስለሚያወጣው ሰውየው ይሻለዋል። እኛም «አላልኩም?» እንላለን። ተሳስተን ልክ የሆንን ይመስለናል፤ ከዚህ የባሰ ነገር አላውቅም።

ይህ የእኛ የጅማ ሰዎች ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ታሪክ ልንገራችሁ፣ ሦስቱም ከእጥበት ክፍል የወጡ ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።

የመጀመሪያው አሉሚኒየም ነው። 1972 ላይ አሜሪካ ዴንቨር ውስጥ ያሉ ሐኪሞች ለዓመታት በእጥበት የቆዩ ሰዎች ላይ አንድ እንግዳ ነገር ጻፉ። ሰዎቹ መጀመሪያ ይንተባተባሉ። ከዚያ ሰውነታቸው ይንዘፈዘፋል፣ አእምሯቸው ይደክማል፣ መጨረሻው ሞት ነው። በቀላሉ «የኩላሊት በሽታ ውሎ ሲያድር የሚያመጣው ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። 1976 ላይ ያው ቡድን ጣቱን አሉሚኒየም ላይ ቀሰረ። ከሁለት በር ነበር የሚገባው፤ አንዱ ለእጥበት የሚውለው ውሃ፣ ሌላው ፎስፌት ለማውረድ በየቀኑ የሚዋጠው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ። ለማዳን የምንሰጠው ነገር ማለት ነው። በነገራችን ላይ አንድ ሰው በአራት ሰዓት እጥበት ውስጥ በማጣሪያው በኩል 120 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያልፍለታል። ውሃ እዚህ ክፍል ውስጥ ራሱ መድኃኒት ነው። ውሃችሁን እንደ መድኃኒት ጠርጥሩት።

ሁለተኛው ኢፖ ነው፣ ኤሪትሮፖይቲን፤ ሰውነት ደም እንዲሠራ የሚያዝ ሆርሞን ነው፣ በመርፌም ይሰጣል። ለደም ማነስ እንሰጠዋለን። ከ1998 በኋላ በአውሮፓ አንዳንድ ሕሙማን ኢፖ እየወሰዱ ደማቸው እንደ ጉድ መውረድ ጀመረ። ሰውነታቸው መርፌውን የሚዋጋ አንቲቦዲ አበጅቶ፣ ያ አንቲቦዲ የራሳቸውን ትንሽ ኢፖም አብሮ አጠፋው። 2002 ላይ 13 ሕሙማንን የያዘ ጽሑፍ ወጣና ነገሩ ፈነዳ። አሁን እናንተን ልጠይቅ። የኩላሊት ሕመምተኛ ነው፣ ደሙ ወረደ፣ ኢፖ እየወሰደ ነው። ምን ታደርጋላችሁ? ዶዙን ትጨምራላችሁ። እኔም እጨምራለሁ። «የኩላሊት ደም ማነስ ነው፣ መርፌው አንሶት ነው» እንላለን። እነዚያ ሐኪሞች ግን ቆም ብለው «ይሄ ልክ አይደለም» አሉ፣ የአንዱን ከሌላው ጋር አስተያዩ። 13 ሰው ብቻ ነው። አንድ ትልቅ የእጥበት ክፍል በአንድ ቀን ከሚያስተናግደው ያንሳል።

ሦስተኛውን በጣም ነው የምወደው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

2007 መጨረሻ፣ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ። የሕፃናት እጥበት ክፍል ነው። ልጆች ማሽን ላይ ከወጡ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ፊታቸው ያብጣል፣ ልባቸው በፍጥነት ይመታል፣ ግፊታቸው ይወርዳል። እጥበት ላይ ግፊት መውረድ አዲስ ነገር ነው? አይደለም። ሁላችሁም በሳምንት ስንቴ ታዩታላችሁ፤ እግሩን ከፍ አድርጉት፣ ሳላይን ስጡት፣ አለቀ። እዚያ ያሉት ሰዎች ግን አልዋጥላቸው አለ። ለምን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች? ለምን ፊት? መጀመሪያ ሄፓሪኑን (ደም ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የሚሰጠውን) የጠረጠረ አልነበረም፣ ዓይናቸው ማጣሪያውና ቱቦው ላይ ነበር። ጥርጣሬያቸውን ግን ለራሳቸው አልያዙትም። ጃንዋሪ 2008 ላይ ለአገሪቱ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል አሳወቁ። ማዕከሉ ሌሎች የእጥበት ቤቶችን ሲጠይቅ፣ ለካ እነሱም ጋ አለ።

ሲጣራ ችግሩ ሄፓሪኑ ሆኖ ተገኘ። ሄፓሪን ከአሳማ አንጀት ነው የሚሠራው። (አዎ፣ ከአሳማ ነው። እዚህ ከተማ ይህን የሚጠይቅ ታካሚ ይኖራል፤ ከጠየቃችሁ አትዋሹት፣ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት።) ጥሬ ዕቃው ከቻይና ይመጣ ነበር፣ ከመንገዱ አንዱ ጋ ሄፓሪን የሚመስል፣ ዋጋው በጣም የረከሰ ነገር ተቀላቅሎበታል። ስሙ ረጅም ነው፣ ኦቨርሰልፌትድ ኮንድሮይቲን ሰልፌት። ተንኮሉ ምን ነበር መሰላችሁ፣ በዚያን ጊዜ የነበረው መደበኛ የጥራት ምርመራ ከእውነተኛው አይለየውም። ፋብሪካውን አልፏል፣ ላቦራቶሪውን አልፏል፣ ጉምሩኩን አልፏል። የተያዘው አልጋ አጠገብ ነው። የአንድ ሕፃን ፊት ለምን አበጠ ብለው በጠየቁ ሰዎች ነው የተያዘው። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ተሰበሰበ፣ የምርመራ ዘዴውም ተቀየረ።

እኛ ደግሞ ይህንኑ ሄፓሪን በየሺፍቱ እንሰጣለን። ልብ በሉ፣ አብዛኛው ክፍል ውስጥ ማንም በስም የማይመዘግበው መድኃኒት እሱ ነው። «ምን ምን ወሰደ?» ብዬ ስጠይቅ ኪኒኖቹ ይዘረዘሩልኛል፣ ሄፓሪን ግን አይጠራም። የማሽኑ አካል እየመሰለን ነው። ማጣሪያውም እንዲሁ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚመጣ ሪአክሽን ማጣሪያው ራሱ ወይም ማጣሪያው የጸዳበት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ዓይነት ማጣሪያ ኤናላፕሪልን ከመሰለ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ሪአክሽን እንደሚያመጣ ከታወቀ ቆይቷል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። አዲስ መድኃኒት ሰው ላይ ሲሞከር ኩላሊቱ የደከመ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሙከራው ውጭ ይደረጋል። ውጤቱን ያወሳስባል ተብሎ ነው። ገበያ ላይ ሲወጣ ግን መድኃኒቱን በብዛት የሚውጠው እሱ ነው። የኩላሊት ታካሚ በቀን አሥርና ከዚያ በላይ ኪኒን ቢውጥ አይገርማችሁም አይደል? እንግዲህ መድኃኒቱ በእሱ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚታወቀው የት ነው? እዚህ ነው፣ እናንተ ቻርት ላይ። ካልጻፋችሁት ሌላ የሚታወቅበት ቦታ የለም።

ለምን አንጽፍም? እንግሊዝ አገር ከታሊዶማይድ ጉድ በኋላ፣ እናቶች ለማቅለሽለሽ በወሰዱት መድኃኒት እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ፣ 1964 ላይ ቢጫ ካርድ የሚባል አሠራር ተጀመረ። እዚያ ይሠራ የነበረ ኢንማን የሚባል ሐኪም ባለሙያ የማይጽፍበትን ምክንያት «ሰባቱ ገዳይ ኃጢአቶች» ብሎ ዘርዝሮታል። ሰባቱንም አልቆጥርላችሁም። በኛ ቤት የምሰማውን ነው የምነግራችሁ።

«እርግጠኛ አይደለሁም።» ይሄ ዋናው ነው። ጎበዝ የሆነ ሰው ነው ደግሞ የሚለው፣ ሰነፉ እዚህም አይደርስም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ እርግጠኛ ሁን ያለህ የለም። ቅጹ የሚጠይቀው ጥርጣሬ ነው። ማረጋገጥ የብዙ ሪፖርት ድምር ሥራ ነው እንጂ በአንድ አልጋ አጠገብ የሚያልቅ አይደለም። ስዊድን ኡፕሳላ ውስጥ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ቋት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሪፖርት ይዟል፤ ኢትዮጵያም ከ2008 ጀምሮ ወደዚያ ሪፖርት የሚልኩት አገሮች ማኅበር አባል ናት። ከጅማ የወጣች አንዲት «ይመስለኛል» እዚያ ከብራዚል «ይመስለኛል» ጋር ትገናኛለች። ብቻዋን ስትሆን ምንም አይደለችም፣ አምስት ስትሆን ሰው ይነቃል።

«የታወቀ ነው።» የእኔ ኃጢአት። ግሊቤንክላሚድ ስኳር እንደሚያወርድማ መጽሐፍ ላይ አለ። እዚህ አገር ግን ስንት ኩላሊቱ የደከመ ሰው አሁንም እንደሚታዘዝለት፣ ስንቱ ሌሊት ላይ እንደሚወድቅ መጽሐፍ ላይ የለም። መመሪያ የሚያወጣው ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሪፖርት እንጂ የእኔ ትዝታ አይደለም።

«ይከሱኛል።» ይህን በሹክሹክታ ነው የሚነግሩኝ፣ ነርሶች በተለይ። «እኔ ነኝ የወጋሁት፣ እኔው ልጻፍ?» ስጋቱን አላጣጥለውም። ዶዝ ተሳስቶ ከሆነ መጀመሪያ የሚጮኽባት ነርሷ ላይ ነው፣ ያዘዘው ሰው ደግሞ ራውንድ ጨርሶ ሄዷል። ግን ቅጹ የክስ ወረቀት አይደለም። የታካሚው ሙሉ ስም አይጻፍበትም፣ የጻፈው ባለሙያ ማንነትም በምስጢር ይያዛል፣ መጻፍ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። አለቆች እዚህ ካላችሁ (አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ) ቅጽ የሞላችን ነርስ ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ብትቆጡ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቅጽ አታዩም። በአንድ ቁጣ ነው የሚደርቀው።

«ጊዜ የለኝም።» ይሄ እውነት ነው፣ ልከራከር አልችልም። አንዲት ነርስ ስንት ማሽን እንደምታይ አውቃለሁ።

«ተልኮስ ምን መጣ?» ይሄም እውነት አለው። በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ቤት ተሞልተው የተሰጡ ቅጾች ከግቢው ሳይወጡ ወራት መሳቢያ ውስጥ ተኝተው አግኝቻለሁ። የጻፉት ሰዎች የተላከ እየመሰላቸው መልስ ይጠብቁ ነበር። በጣም ነው የሚያናድደው። ስለዚህ አሁን የምመክረው ቀላል ነው፤ ቅጹን ስታስረክቡ ለማን እንደሰጣችሁት ጻፉ፣ በሳምንቱ «ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። መነዝነዝ እዚህ ላይ ይፈቀዳል።

ለነገሩ ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። 2006 ላይ 12 አገሮች ውስጥ የተሠሩ 37 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ነበር። መካከለኛው ግምት ከ100 የጎንዮሽ ጉዳት 94ቱ ሳይጻፍ ይቀራል የሚል ነው። ቅጹም ሰዉም ኢንተርኔቱም ያላቸው አገሮች ናቸው ብዙዎቹ። እንግዲህ እኛን አስቡን።

ስለ ቤት መድኃኒት ሳልናገር አላልፍም፣ ጅማ ነው ያለነው። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌ፣ ከመቱ የሚመጣውን ሰው «ሌላ ምን ወሰዱ?» ስትሉት «ምንም» ይላችኋል። አይዋሽም። ዳማ ከሴ፣ ኮሶ፣ ማር ውስጥ ተበጥብጦ የተሰጠው ሥር፣ እነዚህ ለእሱ መድኃኒት አይደሉም። መድኃኒት ማለት ሳጥን ያለው ነገር ነው። እኔ አሁን አጠያየቄን ቀይሬያለሁ። «ቤት ውስጥ የሚጠጡት፣ የሚታጠኑት፣ ሰው የሰጠዎት ነገር አለ?» እላለሁ። በዚህ መንገድ የማላገኘው ነገር የለም። ብራስልስ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመክሳት ብለው አንድ ክሊኒክ የሄዱ ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት ጠፋ። በቅጠላ ቅጠሉ ክኒን ውስጥ አንዱ የቻይና ሥር በሌላ ተተክቶ፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት ተክል ገብቶ ነበር። 1993 ላይ ተጻፈ። እዚያም የታወቀው «እነዚህ ሴቶች የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ የኩላሊት ሐኪም ስለነበረ ነው።

ከቅጠሉ የባሰ የሚያስፈራኝ ግን ዳይክሎፌናክ ነው። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፣ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴን ነው» ይላል። ከዚያ ሄርማታም ይሁን ሌላ ሰፈር ጎራ ብሎ ለ«ኩላሊቱ» ማስታገሻ ይገዛል። የወገቡ ጡንቻ ነው ያመመው፣ የሚጎዳው ደግሞ ደህና የነበረው እውነተኛው ኩላሊት። ስም ተሳስቶ ሰው ይሞታል በሉ። ክሪያቲኒኑ አሻቅቦ እኛ ጋ ሲመጣ ቻርቱ ላይ የሚጻፈው «አኪዩት ኪድኒ ኢንጀሪ» (ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት) ብቻ ነው። በምን? ዝም። ያ ሪፖርት ነበር። አንቲባዮቲኩ ጄንታማይሲን፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ቴኖፎቪር፣ እነዚህም እንዲሁ ናቸው፤ ኩላሊቱን ሲጎዱ «ኩላሊቱ ታመመ» እንላለን እንጂ መድኃኒቱ ጎዳው አንልም።

ጋምቢያን ብቻ ልጥቀስና ወደ ቅጹ ልሂድ። 2022፣ ሕፃናት ናቸው። ሽንታቸው ቆመ፣ ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። በተከታታይ መሞት ሲጀምሩ የአገሩ ሐኪሞች ልጆቹ ምን እንደወሰዱ ሲጠይቁ ተራ የሳልና የጉንፋን ሽሮፕ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ኩላሊት የሚያጠፋ ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል ነበር። ወደ 70 የሚጠጉ ልጆች ሞቱ፣ ኦክቶበር 5 ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ አወጣ። አፍሪካ ውስጥ፣ እንደኛው ባለ ሆስፒታል፣ እንደኛው በተቸገሩ ሰዎች ነው የተደረሰበት። ለዚህ ነው ቢጫው ቅጽ የመድኃኒት ጥራትንም የሚጠይቀው። ቀለሙ የተለወጠ፣ የረጋ፣ ሽታው የማይጥም ነገር ካያችሁ እሱንም ጻፉ።

ቅጹን አታክብዱት። አራት ነገር ካለበት ሪፖርት ነው፤ አንድ ታካሚ (የስሙ መነሻ ፊደልና የካርድ ቁጥር)፣ የተጠረጠረ መድኃኒት፣ የታየ ነገር፣ የጻፈው ሰው። ሌላው ከተሟላ እሰየው፣ ካልተሟላም ይላክ። ባዶ ቦታ አለው ተብሎ የሚታሰር ሰው የለም። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ መርፌ ከሆነ ባች ቁጥሩን (ጠርሙሱ ላይ ያለውን የምርት ዙር ቁጥር)። ኢፖ፣ አይረን (ለደም ማነስ የሚሰጠው ብረት)፣ ሄፓሪን። የቱ ሄፓሪን እንደሆነ የሚለየው በቁጥሩ ነው። እኛ ግን ሪአክሽን እንደተነሳ መጀመሪያ የምናደርገው ምንድን ነው? ጠርሙሱን መጣል። በሽተኛውን አረጋጉ፣ ከዚያ ጠርሙሱን ከቅርጫት አውጡት።

በወረቀት ካልቻላችሁ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 መደወል ይቻላል፣ ነጻ ነው። ስልክ ላይ የሚጫን ሜድ ሴፍቲ የሚባልም አለ። ስልካችን ላይ ስንት ቆሻሻ ተጭኖ የለም እንዴ።

ማን ይጻፍ ለሚለው፣ እኔ የማምነው ነርሷ ናት። ሐኪሙ ለአምስት ደቂቃ ያየዋል፣ እኔ ፋርማሲስቱ ቻርቱን አየዋለሁ፣ እሷ ግን አራት ሰዓት አጠገቡ ናት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን። ባለፈው ማክሰኞ እንዴት እንደነበረ ታውቃለች። «ዛሬ ልክ አይደለህም አባቴ» የምትለው እሷ ናት። ያቺ ዓረፍተ ነገር በሕክምና ቋንቋ ባትሆንም ቅጹ ላይ ልክ እንደዛው ብትጻፍ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ ነበረ፣ ሁሉንም አልጽፈውም። አንድ ወጣት ሐኪም «ሰውየው አሥር መድኃኒት ይወስዳል፣ የትኛውን ልጠርጥር?» አለ። ሁሉንም ጻፍ፣ የተጠረጠረውን ምልክት አድርግ፣ መቼ እንደተጀመረና መቼ እንደቆመ ጻፍ፤ ሲቆም ከተሻለው እሱን ደግሞ በትልቁ ጻፍ። ሌላ ሰው «ዶዝ በስህተት በዝቶ ከሆነስ?» አለ። ይጻፋል። የመድኃኒት ስህተትም ይጻፋል።

መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሲስተር እጇን አወጣች። ረቡዕ ዕለት አይረን በደም ሥር የጀመረች ታካሚ በሦስተኛው ደቂቃ ደረቷን አፍኗት፣ ፊቷ ቀልቶ፣ አቁመውት እንደተሻላት ተናገረች። «ግን ያን ቀን ፈሳሽ በዝቶባት ነበር፣ ኩላሊቷ ነው ብለን...» ብላ ራሷ አቆመች። አዳራሹ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ቅጽ ሰጠኋት። በስልኬ መብራት፣ የቡናው ጠረጴዛ ላይ፣ ቆመን ሞላነው። 12 ደቂቃ ፈጀብን፣ ሰዓት ይዤ ነበር። ባች ቁጥር የሚለው ጋ ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝና ስልኳን አወጣች። ሺፍት ላይ ለነበረችው ጓደኛዋ ነበር የደወለችው።

«ስሚ፣ ያቺ የረቡዕ የአይረን ጠርሙስ ፍሪጁ ላይ አስቀምጫት ነበር። ተጣለች እንዴ? ... እንዳትጥሏት። ቁጥሩን አንብቢልኝ።»